ጭራውን የሚያነሳው ጥቁር ጥንዚዛ ጊንጥ አይደለም፤ መርጫውን አስቀምጪው

ጥያቄ፦ «የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። ጓሮዬ ውስጥ ጎመንና ድንች አለኝ። ከኦገስት መጨረሻ ወዲህ ማታ ማታ ትልልቅ ጥቁር ነፍሳት በወጥ ቤቱ በር ሥር እየሾለኩ ይገባሉ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናሉ፤ ስጠጋቸው እንደ ጊንጥ ጭራቸውን ያነሳሉ። ናይሮቢ ያለችው እህቴ ‹ቆዳ የሚያቃጥለው ነው፣ ልጆቹን ጠብቂ› ብላ አስደነገጠችኝ። ጎመኑም ወንፊት ሆኗል። ከየት ነው የሚመጡት? ቤት ውስጥ እየተዋለዱ ይሆን? የገዛሁትን የነፍሳት መርጫ በበሩና በጎመኑ ዙሪያ ልርጨው?»

መልስ፦ አትርጪው። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ግን ጥያቄሽ ውስጥ ሦስት ነገር ተደባልቋል፤ በር ላይ ያየሽው ሌላ፣ እህትሽ የምታውቀው ሌላ፣ ጎመንሽን የሚበላው ደግሞ ሌላ ነው።

በር ላይ ያየሽው ክንፈ አጭር ጥንዚዛ ነው። ሙሉ በሙሉ ጥቁር፣ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ ሲነኩት ጭራውን የሚያነሳ፣ እንግሊዝ አገር፣ በበጋው ማብቂያ ላይ የሚታይ። ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሲመጣ የሚጠቁመው ኦሲፐስ ኦለንስ የተባለውን ዝርያ ነው። እንግሊዞቹ የሰይጣን ሰረገላ ፈረስ ይሉታል። ቁመቱ ከ20 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ ከወገኖቹ መካከል ከግዙፎቹ ይመደባል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲያጋጥምሽ አትሽሺ፤ ባትሪ አብርተሽ ጎንበስ ብለሽ እዪው። እግሩ ስድስት ነው። የጊንጥ መቆንጠጫ የለውም። ጀርባው ላይ ወደ ፊት ተጠግተው ሁለት ትንንሽ አራት ማዕዘን መሰል ሽፋኖች አሉ፤ ከነሱ በኋላ ያለው ሆዱ ድርብ ድርብ ሆኖ እርቃኑን ነው። ጭራ ያልሽው ያንን ሆዱን ነው። ሲደነግጥ ወደ ላይ ያጥፈዋል፣ መንጋጋውን ይከፍታል፣ ከሆዱ ጫፍም ሁለት ነጫጭ ዕጢዎች ብቅ ብለው መጥፎ ሽታ ይለቃሉ። ማስፈራሪያው ይኸው ነው። መውጊያ የለውም፣ መርዝም የለውም። በእጅ ከያዙት ግን ይነክሳል፣ ያማል። ስለዚህ ልጆቹ በእጃቸው እንዳያነሱት ንገሪያቸው፤ ከነከሰም በሳሙናና በውሃ ማጠብ ነው።

አየርላንድ ውስጥ በድሮ ጊዜ ከሰይጣን ጋር ያያይዙት ስለነበር ባዩት ቁጥር ይገድሉት ነበር። በዚያ ቁመናው ብዙም አልፈርድባቸውም።

እህትሽም አልዋሸችም፤ የምታወራው ግን ስለ ሌላ ነፍሳት ነው። የናይሮቢ ዝንብ የሚሉት ጥንዚዛ ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ቤተሰቡ ደግሞ ከ60,000 በላይ የታወቁ ዝርያዎች ያሉት ስለሆነ ዝምድናቸው ሩቅ ነው። እሱ ትንሽ ነው፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ቀጭን ነው፣ ለዓይን ጉንዳን ሊመስል ይችላል። ብርቱካናማና ጥቁር እየተፈራረቀበት ክንፉ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ አለው። አይነክስም፣ አይናደፍም። ችግሩ ሲጨፈለቅ ነው፤ በሰውነቱ ፈሳሽ ውስጥ ፔደሪን የሚባል መርዝ አለ። ቆዳ ላይ ከተቀባ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥራል። በዚያ እጅ ዓይን ከታሸ ደግሞ ጣጣው ይብሳል። የሚገርመው መርዙን የሚያመርተው ጥንዚዛው ራሱ ሳይሆን ውስጡ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ከባድ ዝናብ ሲጥል ይበዛል፣ ማታ መብራት ተከትሎ ቤት ይገባል። እህትሽ ጋር ስትደውዪ ይህን ጨምሪላት፦ ቆዳ ላይ ሲያርፍ በጥፊ አይመታም፤ እፍ ተብሎ ይባረራል ወይም በወረቀት ይነሳል፤ የነካው ቦታም ወዲያው በሳሙና ይታጠባል። አንቺ ጋር ያለው ትልቁ ጥቁር ግን ፔደሪን የለውም።

ወደ ጎመኑ። ይህ ጥንዚዛ ቅጠል አይበላም። አዳኝ ነው፤ ሥጋ በል ነው። የምድር ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ ሸረሪት፣ እጭ፣ ሌሎች ነፍሳት፣ አንዳንዴም የሞተ ነገር ይበላል። አበላሉ ለጨጓራ ደካማ ሰው አይነገርም፤ ያደነውን በመንጋጋው እያላመጠ ያድቦለቡለዋል፣ ይውጠዋል፣ መልሶ ያወጣዋል፣ እንደገና ያላምጠዋል፣ እንዲህ እያደረገ ፈሳሽ እስኪሆን ድረስ ይደጋግመዋል። እንዲህ ያለ አፍ ጎመን ላይ ምን ይሠራል? ጎመንሽን ማን እንደበላው ማወቅ ከፈለግሽ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ባትሪ ይዘሽ ውጪ። ቅጠሉ ላይ የሚያብረቀርቅ የልጋግ መስመር ካለ ቀንድ አውጣ ነው፣ በተለይ ያ ቅርፊት የሌለው። ቅጠሉ ሥር አረንጓዴ አባጨጓሬና ጥቁር ኩስ ካለ የነጩ ቢራቢሮ ልጆች ናቸው። ቅጠሉ ተቀዳዶ የደም ሥሩ ብቻ ከቀረ ደግሞ ርግብን ጠርጥሪ። ሦስቱም መፍትሔያቸው ይለያያል፣ አንዳቸውም ግን ከጥቁሩ ጥንዚዛ ጋር አይገናኙም። እንዲያውም የመጀመሪያውን የሚበላልሽ እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ፣ «ከየት ነው የሚመጡት?» ወደሚለው። ስለ ትልልቆቹ ክንፈ አጭሮች ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። «ቆሻሻ ቦታ ይወዳሉ» ይባላል። እነሱ የሚመርጡት ቆሻሻውን አይደለም። የሚመርጡት እርጥበትን፣ ጠባብ መሸሸጊያንና በዚያ የሚርመሰመሰውን ታዳኝ ነው። ሦስቱ በተገናኙበት ይገኛሉ፣ አንዱ ሲጎድል ይጠፋሉ።

የሰውነታቸው አሠራር ራሱ ይህን ይናገራል። ሌላው ጥንዚዛ ሆዱን በሙሉ የሚከድን ጠንካራ ሽፋን አለው። ጥሩ መከላከያ ነው፣ ግን ግትር ያደርገዋል። ክንፈ አጭሩ ሽፋኑን ስላሳጠረው ወገቡን እንደልቡ ያጥፋል፤ በድንጋይና በአፈር መካከል፣ በተነባበረ ቅጠል ውስጥ፣ በትል መተላለፊያ ሳይቀር ይሽሎከለካል። የሚበርበት ክንፍ እዚያው ትንሹ ሽፋን ሥር ብዙ ጊዜ ታጥፎ ተቀምጧል። ያንቺው ጥንዚዛ ክንፍ ቢኖረውም የሚበረው ከስንት አንዴ ነው፤ በእግሩ ነው የሚዞረው። ዋጋው ደግሞ የተጋለጠው ሆድ ነው፤ ደረቅ ቦታ ላይ በቶሎ ውሃ ያጣል። ስለዚህ ቀን ቀን ድንጋይ፣ ግንድ፣ የረገፈ ቅጠል ሥር ተደብቆ ይውላል፣ ሲመሽ ይወጣል።

ዘመዶቹን ብታዪ ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልሻል። ኤመስ ሂርተስ የሚባለው ወርቃማ ጠጉር የለበሰ፣ ከሩቅ ባምብል የሚሉትን ጠጉራም ንብ የሚመስል ውብ ጥንዚዛ ነው፤ ከ18 እስከ 28 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የሚገኘው እበትና ፋንድያ ላይ ነው። ግን እበት አይበላም! እበቱ ላይ የሚሰበሰቡትን ዝንቦችና ጥንዚዛዎች፣ እጮቻቸውንም ሊያድን ነው እዚያ የሚያደባው። እንግሊዝ ውስጥ በጣም ብርቅ ነው፤ የሚታወቀው በሰሜን ኬንት ረግረጋማ የግጦሽ መሬት ነው። ከብት ሜዳ ላይ ካልዋለ ትኩስ እበት የለም። ከብቱ የውስጥ ተባይ መድኃኒት ከወሰደ ደግሞ መድኃኒቱ እበቱ ውስጥ ቀርቶ እጮቹን ሊገድል ይችላል፤ እበቱ አለ፣ የሚታደን ግን የለም። ክሪኦፊለስ ማክሲሎሰስ የተባለው ደግሞ ጥንብ ላይ ይገኛል፤ እሱም የሚፈልገው ሥጋውን ሳይሆን ሥጋው ውስጥ የሚፈላውን የዝንብ ትል ነው። ከዚህ የተነሳ የወንጀል መርማሪዎች ሬሳ ላይ ሲያገኙት በማስታወሻቸው ያሰፍሩታል። ከሁሉም የሚገርመኝ ቬሌየስ ዲላታተስ ነው፤ የሚኖረው የዛፍ ግንድ ውስጥ ባለ የትልቁ ተርብ ጎጆ ሥር ነው። ተርቦቹ የሚጥሉት ጉድፍ እታች ይጠራቀማል፣ ጉድፉ ውስጥ የዝንብ እጭ ይፈለፈላል፣ እሱ እጩን ይበላል። ያረጀ ባለ ፍልፍል ዛፍ ሲቆረጥ ተርቡም እሱም አብረው ቤት ያጣሉ።

ያንቺው ኦሲፐስ ኦለንስ ከነዚህ ጋር ሲወዳደር ብዙ አይመርጥም፤ ለዚህም ነው የተስፋፋው። ጫካ፣ ሜዳ፣ መናፈሻ፣ የቤት ጓሮ፣ ሁሉም ይስማማዋል፤ እርጥብ አፈርና መደበቂያ እስካለ ድረስ። ከአውሮፓና ከሰሜን አፍሪካ ወጥቶ ካሊፎርኒያ ደርሷል፤ እዚያ መታየቱ መጀመሪያ የተመዘገበው በ1931 ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ የብርቱካን እርሻዎች ቡናማውን የጓሮ ቀንድ አውጣ ስለሚበላ ገበሬዎች ወዳጃቸው አድርገውታል። ካሊፎርኒያ ያላችሁ አንባቢዎች ጓሮአችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ካያችሁ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ቤት ውስጥ ይዋለዳል ወይ? ወጥ ቤትሽ ደረቅና ንጹሕ ከሆነ አይዋለድም። የዚህ ጥንዚዛ ሕይወት ከአፈር ጋር የተሳሰረ ነው። በፈረንጆቹ ኦተም፣ ማለትም ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ባለው ጊዜ፣ ይገናኛል። ሴቷ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ እንቁላሏን እርጥብና ጨለማ ቦታ ታስቀምጣለች፤ ሞስ በሚባለው አረንጓዴ ሽበት ሥር፣ ድንጋይ ሥር፣ የአፈር ስንጥቅ ውስጥ። እንቁላሉ ትልቅ ነው፣ 4 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ እንደ ዝንብ በመቶዎች እየዘረገፈች አትሄድም። በአንድ ወር ገደማ እጩ ይወጣል፣ እሱም ከመጀመሪያው አዳኝ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜውን ምድር ውስጥ ያሳልፋል፣ ሲነኩትም እንደ ወላጆቹ ጭራውን ያነሳል። ከአምስት ወር ገደማ በኋላ ቅርፁን ወደሚቀይርበት የዝምታ ደረጃ ይገባል፣ ከዚያ በ35 ቀን አካባቢ ሙሉ ጥንዚዛ ሆኖ ይወጣል። ሙሉ ጥንዚዛው ክረምቱን ተደብቆ ሊያልፈውና ለሁለተኛ ዓመት ሊቆይም ይችላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሊኖሊየም ንጣፍና ፍሪጅ ሥር የሚሆን ምዕራፍ የለም።

ታዲያ ለምን ቤት ይገባል? ጊዜውን ልብ በዪ። በበጋው ማብቂያና በኦተም ወንዱም ሴቷም ተጓዳኝ ፍለጋ፣ መደበቂያ ፍለጋ በእግራቸው ይዞራሉ። ግድግዳ ተከትለው ይሄዳሉ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ስንጥቅ ሲያገኙ ይገባሉ። የበርሽ ሥር ለእነሱ አንድ ትልቅ ድንጋይ ነው። ለበሩ ቅርብ የሆነ እርጥብ ክምር ካለ ደግሞ፣ የአበባ ማሰሮ፣ የተከመረ ካርቶን፣ የብስባሽ በርሜል፣ የማገዶ እንጨት፣ ሰፈራቸው እዚያ ነው፤ ወጥ ቤትሽ የምሽት ሽርሽራቸው ነው።

ምርጫዎችሽን እንያቸው። መርጨት ከሁሉም የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ቀንድ አውጣ ነፍሳት አይደለም። የነፍሳት መርጫ ጥንዚዛውን ይገድላል፣ ሸረሪቱን ይገድላል፣ ጎመን በሊታውን ቀንድ አውጣ ግን እምብዛም አይነካውም። አዳኙን ገድለሽ ታዳኙን ትተዪዋለሽ ማለት ነው። ጥንዚዛው ደግሞ አዝግሞ ነው የሚራባው፤ በዓመት አንድ ትውልድ። ሴፕቴምበር ላይ እንቁላል ሳትጥል የሞተች አንዲት ሴት ቀላል ኪሳራ አይደለችም። እና ልብ አድርጊ፦ ለቤት ውስጥ ተብሎ የተሸጠ መርጫ በምንም ዓይነት ልትበዪው ባሰብሽው ጎመን ላይ አይረጭም። ይህ ከጥንዚዛው ጋር የተያያዘ ምክር አይደለም፣ ስለ ልጆችሽ ሆድ ነው።

የቀንድ አውጣ መርዝ እንክብል ካሰብሽም ተጠንቀቂ። ሜታልዴሃይድ ያለበት ዓይነት በእንግሊዝ ከማርች 2022 መጨረሻ ወዲህ ደጅ ላይ መጠቀም ተከልክሏል። ጋራዥ ውስጥ የቆየ ካርቶን ካለሽ ወይም ጎረቤት «ይኸው ከድሮ የተረፈ» ብሎ ቢሰጥሽ አትንኪው፤ ለውሻና ለጃርትም አደገኛ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ አደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ይወስደዋል። ግድ ከሆነ ፈሪክ ፎስፌት ያለበትን፣ በመመሪያው መጠን፣ በስሱ በትኚ። ሰው ክምር ክምር አድርጎ ሲያስቀምጠው አያለሁ፣ ትርፉ ብክነት ነው።

ሌላው ጫፍ ደግሞ አለ። አንዳንዱ ይህን ሲያነብ «እንግዲያው ሰብስቤ ጎመኑ ውስጥ ልልቀቃቸው» ይላል። አትድከሚ። የለቀቅሽበት ቦታ ደረቅና ራቁት አፈር ከሆነ በማግስቱ ሄደዋል። ቦታው ተስማሚ ከሆነም ራሳቸው ይመጣሉ። ተአምርም አትጠብቂ፦ የምድር ትልም ይበላሉ፣ ሌሎች ጠቃሚ ነፍሳትንም አይምሩም፣ ዝናባማ ሳምንት ላይ ደግሞ ቀንድ አውጣው ከሚበሉት ፍጥነት በላይ ይበዛል። ከጓሮው አዳኞች አንዱ ናቸው እንጂ ብቻቸውን ጎመን አያድኑም። ከአገር ወደ አገር፣ «ለአገር ቤት ይጠቅማል» ብሎ በሻንጣ መውሰድ የሚባል ነገር ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብ።

እኔ የምልሽ ይህን ነው፦ ጥንዚዛውን ተዪውና ቦታውን አዛውሪው። በዚህ ሳምንት ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ያለውን ማሰሮ፣ ካርቶንና እንጨት በሙሉ አንሺ፤ ግድግዳውን ተከትሎ እንደ አንድ እርምጃ የሚሰፋ ቦታ ባዶና ደረቅ ይሁን፤ ጠጠር ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ከበሩ ሥር የሚገጠመውን የብሩሽ መዝጊያ ግጠሚ፤ የቤት ዕቃ መጠገኛ ሱቆች ሁሉ አላቸው። እንጨቱን ወደ ጎመኑ ወሰጂው፤ ጥላ ያለበት ጥግ ላይ ግንዶቹን ከፊል አፈር ውስጥ ቅበሪያቸው፣ በላያቸው የረገፈ ቅጠል ከምሪበትና እስከ ስፕሪንግ አትነካኪው። እዚያ ሥር ቀንድ አውጣም ይደበቃል፣ አውቃለሁ፤ አዳኙ የሚቆየው ግን የሚበላው ሲኖር ነው። ለችግኞቹ ማታ በባትሪ ቀንድ አውጣውን ልቀሚላቸው፣ ለቢራቢሮውና ለርግቡ ደግሞ መረብ ዘርጊ። መረቡ ቀዳዳው ጠባብ ይሁን፣ አለበለዚያ ቢራቢሮዋ ገብታ እንቁላሏን ትጥልና ትወጣለች።

ቤት ገብቶ ስታገኚው ብርጭቆ ድፊበት፣ ወፍራም ወረቀት ከሥሩ አንሸራትቺ፣ ግንዶቹ ጋ ወስደሽ ልቀቂው። ጭራውን ያነሳል፣ ትንሽ ይሸታል፣ ይሄዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ይቀራል። ስንጥቅ ልዝጋ ብለሽ ከውጭ ግድግዳው ታች ያሉትን ባለ ቀዳዳ ጡቦች እንዳትደፍኚ። ከወለሉ ሥር አየር የሚያስገቡት እነሱ ናቸው፤ ከተደፈኑ ወለሉ ይረጥባል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል። ካስፈለገ ደቃቅ የብረት ወንፊት አድርጊባቸው። ይህን ሁሉ አድርገሽ ዲሴምበርና ጃንዋሪ ላይም ቤት ውስጥ በተደጋጋሚ ካየሻቸው ግን ጉዳዩ የጥንዚዛ ላይሆን ይችላል፤ ከወለሉ ሥር ወይም ከመታጠቢያው ጀርባ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሊኖር ይችላልና የተባይ ሰው ሳይሆን የቧንቧ ሠራተኛ ጥሪ።